ስለ ልጆች መደፈርና ስለ ዝምታው ጉዳት

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሆለታ፥ ወላጆች ማለዳ ወደ አበባ እርሻ ሲሰማሩ ልጆች ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ዘንድ ይውላሉ፤ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችም ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ኑሮው በመተማመን የቆመ ነው። ይሁን እንጂ በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፥ ልጅን የሚደፍረው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀውና ቤተ ሰቡ የሚያምነው ሰው ነው።

የልጅ መደፈር ሲባል በጉልበት የተፈጸመው ብቻ አይደለም። በስጦታ፥ በማባበል ወይም በማስፈራራት ልጅን የፍትወት መሣሪያ ማድረግ ሁሉ በዚሁ ይጠቃለላል፤ ልጅ እሺ ቢልም እሺታው ፈቃድ አይባልም። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 18 ዓመት ያልሞላቸውን ይጠብቃል፤ ከ13 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ የደፈረ ወንድም ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

ጉዳቱ በአካልም በአእምሮም ላይ ይደርሳል። ትንሹ ልጅ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ይጀምራል፥ ሌሊት ይባንናል፤ ከፍ ያለው በትምህርቱ ይደክማል፥ ከሰው ይሸሻል ወይም ቁጡ ይሆናል። እነዚህ ምልክቶች ከሌላ ችግርም ሊመጡ ስለሚችሉ ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም፤ ነገር ግን ልጁን ቀርቦ መጠየቅን ግድ ይላሉ። ከሁሉ የሚከፋው ልጁ ጥፋቱን የራሱ አድርጎ መቁጠሩ ነው፤ ይህም ስሜት ካደገ በኋላ በኀዘን፥ በፍርሃትና ሰውን ባለማመን ሊከተለው ይችላል።

በዚህ ላይ የቤተ ሰብ ዝምታ ይታከልበታል። «ስማችን ይጠፋል» ተብሎ ነገሩ በሽማግሌ ሲያዝ፥ እርቁ የሚደረገው በትልልቆቹ መካከል ነው፤ ልጁን የሚጠይቀው የለም። ጊዜም ያልፋል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ የሐኪም ማስረጃም በዘገየ ቁጥር ይጠፋል። አዲስ አበባ በሚገኘው በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፥ ምክሩና የፖሊሱ ምርመራ በአንድ ስፍራ እንዲሰጥ የተደረገው ልጁ ታሪኩን በየቢሮው እየደጋገመ እንዳይሰቃይ ነው።

በመጀመሪያ የሚሰማው ሰው አቀባበል ልጁን ሊያድነው ወይም ሊጎዳው ይችላል። «ለምን ሄድሽ?» ብሎ መጠየቅ ጥፋቱን በልጅቱ ላይ ይጥላል፤ «አምንሻለሁ፥ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት ግን የሸክሟን እኩሌታ ያነሣል። ነገ አስተማሪ፥ ሐኪም ወይም ዳኛ የምንሆን ተማሪዎች ይህን ከአሁኑ ልንማረው ይገባል።