ሲስተሙ አይሳሳትም

በ2004 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጄሰን ኮይን የተባሉ የኮምፒውተር ባለሙያ 90 ያህል የስልክ ጥሪ ማስታወሻዎችን መርምረው ሪፖርታቸውን ጻፉ። ማስታወሻዎቹ የተመዘገቡት ጁሊ ዎልስተንሆልም የተባሉ ሴት፣ ኮምፒውተሩ አስቸገረኝ እያሉ ለድጋፍ መስመሩ በደወሉ ቁጥር ነው። ወይዘሮዋ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ክሌቭሊስ በምትባል ከተማ፣ የፖስታ ቤት ቅርንጫፍ በኮንትራት ያስተዳድሩ ነበር። ከፖስታ ቤቱ ጋር ተካሰሱና ነገሩን አንድ ገለልተኛ ባለሙያ ለሁለቱም ወገን እንዲያየው ተወሰነ። ኮይን ማስታወሻዎቹን አንድ በአንድ አንብበው ለዩዋቸው፦ 63ቱ ያለ ጥርጥር የሲስተሙ ብልሽት ናቸው። ወይዘሮዋ አሠራሩ ጠፍቷቸው የደወሉት ቢበዛ 13 ጊዜ ነው።

ፖስታ ቤቱ ሪፖርቱን አልወደደውም፤ ነገር ግን ሊያስቀይረው አልቻለም። ስለዚህ ገንዘብ ከፍሎ ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማማ፣ ሪፖርቱም መሳቢያ ገባ። ብሪታንያ በዳኞቿ አፍ ያንኑ ድምዳሜ ለመስማት ከዚያ በኋላ 15 ዓመት ፈጅቶባታል።

የቅርንጫፎቹን ሂሳብ የሚይዘው ይህ ሲስተም ሆራይዘን ይባላል። የሠራው በኋላ በፉጂትሱ የተጠቀለለው አይሲኤል የተባለ የብሪታንያ ኩባንያ ሲሆን፣ ከ1999 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ቅርንጫፎች ተዘረጋ። ከዚያ እስከ 2015 ድረስ፣ ኮምፒውተሩ ጎደለ ያለውን ገንዘብ ሰርቃችኋል ወይም ሂሳብ አዛብታችኋል ተብለው ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። አብዛኞቹን የከሰሰው ፖሊስ ወይም ዓቃቤ ሕግ ሳይሆን ራሱ ፖስታ ቤቱ ነው። የሕጉም አጋጣሚ የከፋ ነበር። በ1984 በወጣ ሕግ አንቀጽ 69 መሠረት፣ የኮምፒውተር ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን ማሽኑ በትክክል ይሠራ እንደነበር ማሳየት ነበረበት። ያ አንቀጽ ሆራይዘን መዘርጋት በጀመረበት በዚያው በ1999 በወጣ ሕግ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ደኅና ነው ተብሎ ይገመታል፤ ደኅና አይደለም የሚል ያሳይ። እኛ አገር ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ስለሌለ፣ እንዲህ ያለውን እምነት መረዳት ሳይከብደን አይቀርም።

የብሪድሊንግተኑ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሊ ካስልተን የ25 ሺህ ፓውንድ ያህል ጉድለት ሲወጣባቸው ለድጋፍ መስመሩ 91 ጊዜ ደውለዋል። ክሱ ሲሰማ ግን ጠበቃ አልነበራቸውም፣ ለራሳቸው ቆመው ተከራከሩና በ2007 ተረቱ። ከጉድለቱ ላይ 321 ሺህ ፓውንድ የፖስታ ቤቱን የክርክር ወጪ እንዲከፍሉ ተወስኖባቸው ኪሳራ ውስጥ ገቡ። የጥሪ ማስታወሻ አንብቦ እውነቱን ማውጣት እንደሚቻል ፖስታ ቤቱ ከክሌቭሊሱ ጉዳይ ያውቅ ነበር።

ባለሙያ መኖሩ ብቻም በቂ አልሆነም። በ2010 የዌስት ባይፍሊቷ ሲማ ሚስራ 74 ሺህ ፓውንድ ሰርቀዋል ተብለው ሲቀርቡ፣ በመከላከያው በኩል ፕሮፌሰር ቻርልስ ማክላክላን ነበሩ። መረጃ ደጋግመው ጠየቁ፣ የፈለጉትን ያህል አልተሰጣቸውም። በዚያው ሰሞን ግን በ62 ቅርንጫፎች ሂሳብ ያዛባ ስህተት መገኘቱ በፉጂትሱም በፖስታ ቤቱም ይታወቅ ነበር። ለዳኞቹ ማንም አልነገራቸውም። ሚስራ ነፍሰ ጡር ሳሉ 15 ወር ተፈርዶባቸው እስር ቤት ገቡ።

ልምድ ያለው ባለሙያ ከሌላው የሚለየው የት ማየት እንዳለበት ማወቁ ላይ ነው፤ ኮድ መጻፉን ብዙዎች ይችሉታል። የስኮትላንዷን ዳልሜሊንግተን እንይ። በ2015 አንዲት የቅርንጫፍ ኃላፊ 8 ሺህ ፓውንድ ወደ ሌላ ንዑስ ቅርንጫፍ ያዛውራሉ። የገንዘቡን ከረጢት ባርኮድ ካስነበቡ በኋላ ስክሪኑ አልንቀሳቀስ አለ። ማንም እንደሚያደርገው ቁልፉን ደግመው ደጋግመው ተጫኑ። ሲስተሙ እያንዳንዱን ጭነት እንደ አዲስ ዝውውር እየቆጠረ አራት ደረሰኝ አተመ፦ 32 ሺህ ፓውንድ ገብቷል ይላል። በእጅ ያለው ያው 8 ሺህ ነው፤ 24 ሺህ «ጎደለ»። ኋላ ሲጣራ ስህተቱ ለዓመታት በሌሎች ቅርንጫፎችም ሲከሰት የኖረ ሆኖ ተገኘ። ሂሳቡን ብቻ የሚያይ ኦዲተር እዚህ ጉድለት ያያል። ሶፍትዌር አዋቂው የሚጠይቀው አንድ ቁልፍ አራት ጊዜ ሲጫን ምን እንደሚሆን ነው።

የቅርንጫፍ ኃላፊ በነበሩት በአለን ቤትስ አስተባባሪነት 555 ሰዎች ፖስታ ቤቱን በጋራ ሲከሱ ባለሙያቸው እንደገና ኮይን ሆኑ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር በስሙ ጠርተው ጠየቁ፦ ፉጂትሱ የሚታወቁ ስህተቶችን የሚያሰፍርበትን መዝገብ። ፖስታ ቤቱ አስፈላጊነቱንም መኖሩንም እያንገራገረ ቆይቶ በመጨረሻ በሺህ የሚቆጠሩ ሰነዶች ወጡ። የፖስታ ቤቱ ባለሙያ ሮበርት ወርደን በስታቲስቲክስ ሄዱ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የወር ሂሳቦች ተዘግተዋልና ስህተት እነዚህን ሰዎች ለይቶ የመጉዳቱ ዕድል ኢምንት ነው አሉ። በወረቀት ላይ ያምራል። ከሳሾቹ ግን በዕጣ የተመረጡ አልነበሩም፤ የተጎዱ ሰዎች ናቸው የተሰበሰቡት። ዳኛው ፒተር ፍሬዘር በታኅሣሥ 2019 ውሳኔያቸው የኮይንን ወገን ያዙ። የፉጂትሱ ሠራተኞች ባለቤቱ ሳያውቅ የቅርንጫፍ ሂሳብ ውስጥ ከሩቅ መግባት ይችሉ እንደነበርም ተረጋገጠ። ፖስታ ቤቱ ለዓመታት አይቻልም ሲል የኖረው ይህንኑ ነበር። ዳኛው የፖስታ ቤቱን አቋም ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ ከመከራከር ጋር አመሳሰሉት።

የቀረው በአጭሩ ይህ ነው፦ በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤት በአንድ ቀን የ39 ሰዎችን ፍርድ ሻረ፤ በ2024 መጀመሪያ በዚሁ ጉዳይ ላይ የተሠራ የቴሌቪዥን ድራማ አገሩን አስቆጣ፤ በግንቦት ፓርላማው ከቀሩት ፍርዶች አብዛኞቹን በሕግ ሰረዘ። ለ555ቱ በስምምነት ከተከፈለው 57.75 ሚሊዮን ፓውንድ ግን የክርክሩ ወጪ ሲቀነስ ለራሳቸው የተረፋቸው 12 ሚሊዮን ገደማ ነው።

በጥር 2025 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ማሽን ደኅና ነው የሚለው ግምት ይቅር ወይስ ይቆይ ብሎ አስተያየት መሰብሰብ ጀመረ። ግምቱን ማንሳት ብቻ የሚበቃ አይመስለኝም። ከሳሹ የሲስተሙን የስህተት መዝገብ ሳይጠየቅ ከክሱ ጋር አያይዞ እንዲያቀርብ መገደድ አለበት። ካልሆነ ተከሳሹ መዝገቡ እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል፤ ይህን የሚያውቅለት ባለሙያ ደግሞ ክፍያው በሰዓት ነው፣ ጠበቃ ለማቆም እንኳ አቅም ላጣ እንደ ካስልተን ላለ ሰው።