ድሮን በራሱ ሲመለስ ከፍታው ለምን ይለወጣል?
በተዳፋት መሬት ላይ ለሚሠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

እንደሚታወቀው የሰሜን ጎንደር ደጋ ሜዳው ጥቂት፣ ገደሉና ሸንተረሩ ብዙ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ዳባት ወደ 2,600 ሜትር፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ከደባርቅ ወጣ ሲሉ የሚጀምረው የሊማሊሞ ቁልቁለት ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል።

ድሮን ለሰብል ቅኝት፣ ለተፋሰስ ካርታ ሥራና ለፀረ ተባይ ርጭት ሊያገለግል የሚችል መሣሪያ ነው። ሆኖም በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ሲሠራ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ድሮኑ የመመለሻው ቁልፍ ሲነካ፣ ወይም ባትሪው ሲደክምና ግንኙነቱ ሲቋረጥ በራሱ ወደ መነሻው ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ሳይጠበቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወይም ወደ መሬት እየቀረበ ይሄዳል። የመጀመሪያው ባትሪ ይጨርሳል፤ ሁለተኛው ከዛፍ ወይም ከጉብታ ጋር ያጋጫል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የማኅበር ድሮን ቢወድቅ የሚጠፋው አባላት ከምርታቸው ሽያጭ ያጠራቀሙት የጋራ ገንዘብ ነው። ኬሚካል እንደጫነ በምንጭ፣ በእረኛ ወይም በከብት ላይ ቢወድቅ ደግሞ ጉዳቱ በገንዘብ የሚመለስ አይሆንም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ፍሬ ነገር አንድ ነው። ብዙውን ጊዜ ድሮኑ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ይፈጽማል። ትዕዛዙ ግን ለሜዳ የተሰጠ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ወደ ጥገና ከመላኩ በፊት ትዕዛዙና መሬቱ ይመርመሩ።

1. በመቆጣጠሪያው ላይ የሚታየው ቁጥር ከየት ይለካል?

በመቆጣጠሪያው ላይ «ከፍታ 50 ሜትር» የሚል ሲነበብ፣ በአብዛኞቹ ድሮኖች ይህ ማለት ከተነሣበት ቦታ 50 ሜትር ከፍ ብሏል ማለት ነው። ከበታቹ ካለው መሬት 50 ሜትር ይርቃል ማለት አይደለም። በሜዳ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። በተዳፋት ላይ ግን ይለያያሉ።

ለምሳሌ ድሮኑ 2,600 ሜትር ላይ ካለ ሸለቆ ተነሣ እንበል። የሚቃኘው ማሳ ከሸንተረር ማዶ 2,660 ሜትር ላይ ነው። የሸንተረሩ ጫፍ 2,680 ሜትር ሲሆን፣ በላዩ 20 ሜትር የሚደርስ ባሕር ዛፍ አለ። የመመለሻ ከፍታው 60 ሜትር ተብሎ ከተሞላ፣ ድሮኑ የሚመለሰው በ2,660 ሜትር ልክ ነው። ይኸውም ከሸንተረሩ ጫፍ 20 ሜትር፣ ከዛፎቹ ጫፍ 40 ሜትር ዝቅ ብሎ ማለት ነው። ቁጥሩ 60 ይላል፤ ድሮኑ ግን በቀጥታ ወደ ገደሉ ፊት ይሄዳል።

ይህን የሚያባብስ ሌላም ነገር አለ። በተራራማ ቦታ ግንኙነት የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ ሸንተረሩ በአብራሪውና በድሮኑ መካከል ሲገባ ነው። ከዚያ ነጥብ ወደ መነሻው የሚወስደው ቀጥታ መስመር በዚያው ሸንተረር ላይ ያልፋል። ስለዚህ ግንኙነት የሚያቋርጠው ጉብታና ድሮኑ የሚጋጭበት ጉብታ አንድ ናቸው። በዚያ ሰዓት ደግሞ አብራሪው ትዕዛዙን ሊሰርዝ አይችልም።

2. በራስ የመመለስ ሦስት ደረጃዎች

ሀ) መውጣት። ድሮኑ ከተሞላለት የመመለሻ ከፍታ በታች ከሆነ በቅድሚያ እዚያ ድረስ ይወጣል። ከዚያ በላይ ከሆነ በአብዛኞቹ ዓይነቶች ባለበት ከፍታ ይመለሳል። ለመነሻው በጣም ቅርብ ከሆነ ግን ሳይወጣ እዚያው የሚያርፍ አለ። ለምሳሌ በዲጂአይ ፋንተም 4 ይህ ርቀት 20 ሜትር ነው። በሌሎች ሞዴሎች ስለሚለያይ መመሪያው ይነበብ።

ለ) መጓዝ። በቀጥታ መስመር ወደ መነሻው ይሄዳል። የእንቅፋት መለያ ካሜራ ያለው ድሮን ዛፍ ሲያይ ከፍ ሊል፣ ካለፈ በኋላም ሊወርድ ይችላል። አዳዲስ ሞዴሎች መንገዳቸውን ራሳቸው ስለሚመርጡ ከፍታቸውን በጉዞ ላይ ይለዋውጣሉ። ይህ ብልሽት አይደለም።

ሐ) መውረድ። መነሻው ላይ ሲደርስ ዝቅ ብሎ ያርፋል።

ፋብሪካው የሞላው ልክ ከአንዱ ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያል። አርዱፓይለት በሚባለው ሶፍትዌር ለሚሠራ ባለ ብዙ ክንፍ ድሮን 15 ሜትር፣ ለፒ.ኤክስ.4 ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነው። አሥራ አምስት ሜትር በማሳዎቻችን ዳር ከሚገኘው ከደረሰ ባሕር ዛፍ ያነሰ ነው። ስለሆነም ድሮን ከሳጥኑ ወጥቶ ልኩ ሳይታይ ከቶ አይነሣ።

3. ምክንያቱን ለውጡ ከታየበት ደረጃ መለየት

ገና ሲታዘዝ ወደ ላይ ከወጣ፦ የመመለሻ ከፍታው ከነበረበት በላይ የተሞላ ነው። ድሮኑ ከጉብታ ተነሥቶ ወደ ሸለቆ ወርዶ ከነበረ፣ የመውጫው ርዝመት ከተሞላው ቁጥር ይበልጣል። ከመነሻው 80 ሜትር ዝቅ ብሎ የነበረና 50 ሜትር የተሞላለት ድሮን 130 ሜትር ይወጣል። በሰከንድ 3 ሜትር ቢወጣ ከ40 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል።

በመንገድ ላይ ወደ መሬት የቀረበ ከመሰለ፦ በመቆጣጠሪያው ላይ ያለው ቁጥር ይታይ። ቁጥሩ ካልተለወጠ፣ የወረደው ድሮኑ ሳይሆን ከፍ ያለው መሬቱ ነው። መድኃኒቱ የመመለሻ ከፍታውን ማስተካከል ወይም የመነሻ ቦታውን መለወጥ ነው።

ቁጥሩ ሳይለወጥ ድሮኑ በሜዳ ላይ ጥቂት ሜትር ከወረደ ወይም ከወጣ፦ የአየር ግፊት መለኪያው ተሳስቷል። ይህ በክፍል 4 ተብራርቷል።

ከፍ ዝቅ እያለ ከተመለሰ፦ የእንቅፋት መለያው ወይም ወደ ታች የሚያየው ራዳር ይሠራ እንደነበር ይጣራ። ራዳር የዛፍን ጫፍ እንደ መሬት ሊቆጥር ይችላል። ወደ ታች የሚያዩ ካሜራዎች ደግሞ በውኃ ላይ፣ በጭስና በጭጋግ ውስጥ ይሳሳታሉ።

የመሬት ከፍታ ካርታ ተጭኖለት ገደል አጠገብ ከተሳሳተ፦ ብዙዎቹ ካርታዎች የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ2000 በጠፈር መንኮራኩር ከተደረገ የራዳር ልኬት ነው። አርዱፓይለት በተለመደው አሠራሩ መሬቱን በ100 ሜትር ርቀት በተራራቁ ነጥቦች ያስባል። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ቋጥኝ ወይም የገደል አፋፍ ላይመዘገብ ይችላል። ዛፍና የኤሌክትሪክ መስመርማ ጨርሶ አይታመንበትም።

በማረፊያው ላይ መሬቱን በኃይል ከመታ፦ አብራሪው በሥራ መካከል ቦታ ቀይሮ የመመለሻ ነጥቡን ወደ ቆመበት አዛውሮ እንደሆነ ይጠየቅ። ነጥቡ ቢዛወርም ከፍታው በአብዛኛው የሚለካው ከመጀመሪያው መነሻ ነው። አንዳንዱ ድሮን ፍጥነቱን የሚቀንሰው ከመነሻው 10 ሜትር ሲቀረው ነው። አዲሱ ማረፊያ ከመነሻው 15 ሜትር ከፍ ካለ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ መሬት ያገኘዋል።

4. የአየር ግፊት መለኪያ

ድሮን ከፍታውን በዋነኛነት የሚያውቀው በአየር ግፊት ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊት ይቀንሳል፤ ሲወርድ ይጨምራል። በባሕር ጠለል ላይ የአንድ ሄክቶፓስካል ለውጥ ከ8 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ከፍታ ነው። በጎንደር ከተማ ከፍታ ግን ከ10 ሜትር፣ በደባርቅ ከ11 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ያው የመለኪያ ስሕተት በደጋ የሚያስከትለው የከፍታ ስሕተት ይበልጣል።

ግፊትን የሚያዛቡ ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ነፋስና ፍጥነት ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ አየር መለኪያውን በቀጥታ ቢገፋው የግማሽ ሄክቶፓስካል ያህል ጫና ያሳድራል። ይህ በእኛ ደጋ 5 ሜትር ያህል ነው። ግፊቱ ሲጨምር ድሮኑ «ወርጃለሁ» ብሎ ይወጣል፤ ሲቀንስ «ወጥቻለሁ» ብሎ ይወርዳል። ምልክቱም ድሮኑ ሲፈጥን ከፍታው ተለውጦ፣ ሲቆም ወደ ነበረበት መመለሱ ነው። መድኃኒቱ የመመለሻ ፍጥነትን መቀነስና በመለኪያው ላይ ያለው ስፖንጅ በቦታው መኖሩን ማየት ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። በውርጭ ማለዳ ከቤት የወጣ ድሮን ወዲያው ቢነሣ መለኪያው ሲሞቅ ቁጥሩ ይንሸራተታል። ባትሪው ከገባ በኋላ በመሬት ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ ቁጥሩ መርጋቱ ታይቶ ይነሣ።

ሦስተኛው የቀኑ የግፊት ለውጥ ነው። በእኛ አካባቢ ግፊት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ብሎ ወደ ቀኑ 10 ሰዓት ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ 2 ሄክቶፓስካል ቢቀንስ ከ20 ሜትር በላይ ስሕተት ነው። በአንድ የ20 ደቂቃ በረራ ውስጥ ግን ለውጡ ትንሽ ነው። ስለዚህ በአጭር በረራ 20 ሜትር የተዛባ ከፍታ ከታየ፣ ምክንያቱ የቀኑ ግፊት ሳይሆን መሬቱ ወይም የተሞላው ልክ ነው። ለእያንዳንዱ በረራ ድሮኑ መሬት ላይ እንዳለ መነሻው እንደገና ይመዝገብ።

5. ስስ አየርና ባትሪ

በጎንደር ከተማ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ 80 በመቶ ገደማ፣ በደባርቅ 75 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት ድሮኑ ባለበት ለመንሳፈፍ ብቻ ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። የደከመ ወይም የቀዘቀዘ ባትሪ ይህን ሊሰጥ ካልቻለ፣ ድሮኑ «ውጣ» ቢባልም አይወጣም፤ እንዲያውም ይወርዳል። ምልክቱ ሞተሮቹ በሙሉ ኃይል እየጮኹ ቁጥሩ መቀነሱ ነው። ለርጭት ድሮን የሚጫነው መጠን ለአካባቢው ከፍታ መመሪያው በሚፈቅደው ልክ ይቀነስ።

6. ከመነሣት በፊት የሚደረግ ስሌት

ሀ) በሥራው ክልል ውስጥ ያለው ከፍተኛ ጉብታ ይለይ፤ ከመነሻው በስንት ሜትር እንደሚበልጥ ይጻፍ።
ለ) በላዩ ያለው ዛፍ ወይም ምሰሶ ቁመት ይደመር።
ሐ) ለመለኪያ ስሕተትና ለነፋስ ቢያንስ 20 ሜትር ይጨመር።

ከላይ በተሰጠው ምሳሌ 80፣ 20 እና 20 ተደምሮ 120 ሜትር ይሆናል። ይህ ከፍታ በፈቃዱ ውስጥ ካልተካተተ ወይም ባትሪው የማይችለው ከሆነ፣ ቁጥሩን ከማሳደግ ይልቅ መነሻው ይለወጥ። ያው ድሮን ከሸንተረሩ ጫፍ፣ ከዛፎቹ ጥግ ሳይሆን ከገላጣው ቦታ ቢነሣ፣ 40 ሜትር ይበቃዋል። አብራሪውም ማሳውን ያያል፤ ግንኙነቱም አይጋረድም። በአንጻሩ ከታች ሲመለስ መውጣት ስላለበት፣ ባትሪው ሳይደክም በጊዜ ይጠራ።

7. ከፍታው በአየር ላይ ሲለወጥ

አብራሪው አይደናገጥ። ድሮኑ ከታየና ግንኙነት ካለ መመለሱ ተሰርዞ ባለበት ይቁም። ከዚያ ከፊቱ ያለው መሬትና ዛፍ ታይቶ፣ ባትሪው ተነብቦ፣ በእጅ ይመለስ። ወደ ጉብታ እየቀረበ ከሆነ በቅድሚያ ይቁም፤ ቀጥሎ ከፍ ይበል። ግንኙነት ከተቋረጠ አብራሪው ምልክቱን ለማግኘት ወደ ከፍታ ቦታ ይሂድ እንጂ መቆጣጠሪያውን አያጥፋ። ባትሪው ለመመለስ የማይበቃ ከሆነ ሰው፣ ከብትና ውኃ በሌለበት ማሳ ላይ ማሳረፍ ይመረጣል። የሰብል ጉዳት በሽማግሌ ይታያል፤ የሰው ጉዳት ግን አይካስም።

8. የበረራ መዝገብና ፈቃድ

ለእያንዳንዱ በረራ በአንድ ደብተር ላይ ቀንና ሰዓት፣ የመነሻው ቦታ፣ የተሞላው የመመለሻ ከፍታ፣ ነፋሱ፣ ሲነሣና ሲመለስ የነበረው ባትሪ፣ ለውጥ ከታየም በየትኛው ደረጃ እንደሆነ ይመዝገብ። ይህ ደብተር ከሌለ ጠጋኙም ሆነ ባለሙያው በግምት ይሠራል። ደብተሩ ከማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ እንጂ ከአብራሪው ጋር አይሂድ፤ አብራሪ ይለወጣል፤ ተራራው ግን ያው ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ከሚመለከታቸው መንግሥታዊ አካላት ፈቃድ ይገኝ። በአዘዞ በሚገኘው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በፋሲል ግቢና በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ያለ ልዩ ፈቃድ አይበረር። የቀበሌው አስተዳደርና ነዋሪው ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድመው ይወቁ። የድሮን ድምፅ ሰውን የሚያስደነግጥበት ምክንያት ስላለ፣ ሳይነገረው የሚበር ማኅበር የጎረቤቱን አመኔታ ያጣል።

ማጠቃለያ

ድሮን ተራራን አያውቅም፤ የሚያውቀው የተነሣበትን ቦታና የተሰጠውን ቁጥር ነው። ጉብታውን የሚያውቁት የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ገበሬው ናቸው። ስለዚህ የመመለሻ ከፍታ ከመሞላቱ በፊት የማሳው ባለቤት «ከዚህና ከዚያ ከፍ ያለው የቱ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ በደብተር ይስፈር፤ ድሮኑም ከዚያ በኋላ ይነሣ።