ሳፋ ይዘን ሁሉቃ እንውረድ

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ የአምቦን ከተማ ሰንጥቆ የሚያልፈው የሁሉቃ ወንዝ ከድፍርስነቱ ይጠራል። ያን ጊዜ ዳር ላይ ጎንበስ ብላችሁ ካያችሁ ጎርፉ ጥሎት የሄደው አሸዋ አንድ ዓይነት አይደለም። ነጣ ያለ አለ፣ ግራጫ አለ፣ ትልልቆቹ ድንጋዮች ከኋላቸው የያዙት ደግሞ እንደ ከሰል ብናኝ የጠቆረ ቀጭን መስመር አለ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ጥቁር መስመር ነው። ወርቅ አጣቢ ወንዝ ወርዶ መጀመሪያ በዓይኑ የሚፈልገው እሱን ነው።

እውነቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ከሁሉቃ ወርቅ እናገኛለን ብዬ አልጠብቅም። ቢሆንም አንድ ሳፋ፣ አንድ ማግኔትና ግማሽ ቀን ብታገኙ ውረዱ እላችኋለሁ። ወርቅ የሌለበት ሳፋም የሚናገረው ነገር አለው፤ አሸዋው ከየት እንደመጣ፣ ከእግራችን በታች ምን ዓይነት አለት እንዳለ፣ ወርቁስ ለምን ወለጋ ሆኖ አምቦ እንዳልሆነ ይነግራል።

በሌላ አገር ይህ የዕረፍት ቀን መዝናኛ ነው። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ራልስተን የሚባል ጅረት አለ፤ ዛሬ ከዴንቨር አጠገብ ያለችውን የአርቫዳን ከተማ አቋርጦ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1850 ሉዊስ ራልስተን የተባለ ወደ ካሊፎርኒያ ይጓዝ የነበረ ሰው አሸዋውን አጥቦ ጥቂት ወርቅ አገኘበት፤ ጅረቱም በስሙ ተጠራ። በዚያ አካባቢ ባሉ ወንዞች ዛሬም በእሑድ ቀን ልጆቻቸውን ይዘው፣ ጎማ ጫማ ተጫምተው አሸዋ የሚያጥቡ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ቤታቸው የሚመለሱት በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ሦስት ብናኝ ይዘው ነው፤ ደስታቸው ግን እንደ ብናኙ ትንሽ አይደለም።

ጥበቡ ከኩሽናችን የራቀ አይደለም። ምስር ሲታጠብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃ ይጨመርበታል፣ ሳህኑ ወዲያ ወዲህ ይወዘወዛል፣ ገለባው ከላይ ተንሳፍፎ ይፈስሳል፣ ምስሩ በእጅ እየተመራ ወደ ሌላ ዕቃ ይሻገራል፤ ጠጠሩ ከሥር ቀርቶ ይጣላል። ወርቅ ማጠብ ይኸው ራሱ ነው፤ ልዩነቱ የሚጣለው ምስሩ፣ የሚፈለገው ጠጠሩ መሆኑ ነው። ሰፌድ ላይ እህል ያንገዋለለ ሰው ግማሹን ሙያ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ታዲያ በሰፌድ ለምን አይሆንም? ውሃው ለምን አስፈለገ? ይህች ጥያቄ በጣም ትጥመኛለች፤ መልሷ በትንሽ ሒሳብ ይወጣል። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ልክ አንድ ሊትር የሚሆን ድፍን ኳርትዝ፣ ያው ተራው ነጭ አሸዋ የሚሠራበት ማዕድን፣ 2.65 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሊትር ንጹሕ ወርቅ ደግሞ 19.3 ኪሎ። በአየር ላይ ስንመዝናቸው ወርቁ ኳርትዙን ሰባት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። አሁን ሁለቱንም ውሃ ውስጥ እንክተታቸው። ውሃ የገባበትን ዕቃ በያዘው ቦታ ልክ ያቀልለዋልና ከሁለቱም ላይ አንድ አንድ ኪሎ ይቀንሳል፤ ኳርትዙ 1.65፣ ወርቁ 18.3 ይሆናል። ሰባት እጥፍ የነበረው ልዩነት ወደ አሥራ አንድ እጥፍ አደገ ማለት ነው። ውሃው አሸዋውን አቅልሎ ሲያስነሳው ወርቁን እምብዛም አይነካውም።

ወንዙም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ እኛ ከመምጣታችን በፊት ክረምቱን ሙሉ ሲያጥብ ከርሟል። ውሃው ሲበረታ ሁሉን ይሸከማል፣ ሲደክም ግን ከባዱን አስቀድሞ ይጥላል። ስለዚህ የሚደክምበትን ቦታ ፈልጉ። ወንዙ ሲታጠፍ በውስጠኛው ጎን አሸዋ የሚከምርበት አለ፤ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውሃው የሚያርፍበት አለ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ወለሉ ድፍን አለት በሆነበት ስፍራ ያለው ስንጥቅ ነው። ከባድ ነገር እየሰመጠ ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው እዚያ ነው። አሮጌ ማንኪያ ይዛችሁ ስንጥቁን ጫሩት።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። በአገራችን የወርቅ ስፍራዎች የሚሠራበት ዕቃ ገበቴ ነው፤ ሰፊ፣ ጠለቅ የማይል፣ ከእንጨት የተፈለፈለ። ለእኛ የፕላስቲክ ሳፋ ይበቃናል። ፕላስቲክ ስለሚያንሸራትት ግን በአንደኛው ጎን በውስጥ በኩል አራት አምስት አግድም መስመር በቢላ ጫሩበት፤ ከባዱ ቅንጣት ተንሸራትቶ እንዳያመልጥ ማገጃ ይሆነዋል። ሳፋውን እስከ ግማሹ በአሸዋ ሙሉና ውሃው ውስጥ አስጠልቁት። በመጀመሪያ ጭቃውን በእጃችሁ እሹት። ብዙ ጀማሪ ይህን ይዘልለዋል፤ ጭቃ ግን ወርቁን አቅፎ ይዞት ይሄዳል። ትልልቁን ጠጠር እያለቀለቃችሁ ጣሉ። ከዚያ ሳፋውን ከውሃው ሳታወጡ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቅንቁት፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ። አትቸኩሉ። ከባዱ ወደ ታች መንገድ የሚያገኘው በዚህ ንቅናቄ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የተጫረውን ጎን ዘንበል አድርጋችሁ የላይኛውን አሸዋ ውሃ እየላሰ እንዲወስደው የምትተዉት። ነቅንቁ፣ አዘንብሉ፣ እጠቡ፤ መልሳችሁ ነቅንቁ። የመጀመሪያው ሳፋ ሩብ ሰዓት ይፈጅባችኋል፤ ወገባችሁም ይነግራችኋል።

በመጨረሻ ሁለት ማንኪያ የሚሆን አሸዋ ይቀራል። አንድ ስኒ ውሃ ጨምሩበትና ቀስ ብላችሁ ሳፋውን በክብ አዙሩት፤ አሸዋው እንደ ጨረቃ ቅስት ተዘርግቶ ይታያል። ወርቅ ቢኖር የሚቀረው ከቅስቱ ጭራ ላይ፣ ከሁሉም ኋላ ነው።

ሁሉቃ ላይ ምን ታያላችሁ? ገና ሲጀመር ከላይ የሚንሳፈፍ ነገር ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ግራጫማ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ ድንጋይ ሆኖ ውሃ ላይ የሚቀመጥ። ፑሚስ ይባላል፤ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በጋዝ ተነፍቶ የቀዘቀዘ አረፋ ነው። ቀጥሎ የሚታጠበው ነጣ ያለው ኳርትዝ የአሸዋ ድንጋይ ስብርባሪ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሕንፃ የተሠራበትን የአምቦ ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ዘመዱን ያውቀዋል። መጨረሻ ላይ ከሳፋው ሥር የሚቀረው ያ ጥቁሩ ነው። ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስጠጉት፤ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። ጥቁሩ አሸዋ ዘልሎ ይለጠፍበታል፣ እንደ ጃርት እሾህ ይቆማል። ይህ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ነው፤ ከኳርትዝ እጥፍ ያህል ይከብዳል፣ ወርቅ ግን አሁንም ብዙ ይበልጠዋል። ወርቅ ባለበት አገር ወርቁ ከዚህ ጥቁር አሸዋ መካከል ነው የሚገኘው፤ ጥቁር አሸዋ ባለበት ሁሉ ግን ወርቅ የለም።

የሁሉቃ ጥቁር አሸዋ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ወንዙን ሽቅብ ተከተሉት። መነሻው ደንዲ ነው። የደንዲ ተራራ 3,270 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ነበር፤ አናቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጎድጓዳ ሆነ፤ በዚያ ውስጥ ነው ሁለት ክብ ሐይቆች ተያይዘው እንደ 8 ቁጥር የተኙት። ሁሉቃ ከዚያ ይወጣል። እንግዲህ ሳፋችሁ ላይ የቀረው የቀለጠ አለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ የረጋ ብረት ነው። አንድ ማንኪያ አሸዋ ተራራ ሳትወጡ ተራራውን አሳያችሁ።

ወርቁስ? አገራችንን መሶብ ላይ እንደተደራረበ እንጀራ አስቡት። መሶቡ፣ ማለትም ከሁሉም ሥር ያለው፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ የተጣጠፈና በሙቀት የተለወጠ አሮጌ አለት ነው። ወርቅ ያዘለው የኳርትዝ ሥር የሚገኘው በእሱ ውስጥ ነው። ከእሱ በላይ ባሕር መጥቶ ሲሄድ የተወው የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ተነጠፈ። ከዚያ በላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየገነፈለ የፈሰሰው ባዛልት ተደረበ፤ አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ደንዲና ጎረቤቱ የወንጪ እሳተ ገሞራ በዚህ ሁሉ ላይ ዘግይተው የበቀሉ ናቸው። የአምቦ ልጅ ሆናችሁ ወርቅ የያዘውን ዓይነት አለት ለመንካት ብትፈልጉ የላይኛውን እንጀራ ሁሉ ማንሳት ሊኖርባችሁ ነው። ሁሉቃ ደግሞ ገና እዚያ አልቆረሰም።

አንድ ወዳጄ፣ የአምቦ ውሃ ከምድር ጥልቀት የሚወጣ ከሆነ ወርቅስ ለምን ይዞ አይወጣም ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ በእርግጥም ወርቅ በምድር ውስጥ የሚጓዘው በሙቅ ውሃ ነው። ነገር ግን ያ ውሃ በመቶዎች ዲግሪ የጋለ ነው፤ ወርቁን አሟሙቶ የሚሸከመውም በዋናነት ድኝ ነው። የአምቦን ውሃ የሚያፍለቀልቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በመሬቱ ስንጥቅ በኩል መውጫ አግኝቶ ይመጣል። ስንጥቁ ከአዲስ አበባ አጠገብ ካለው ከየረር ተራራ አንሥቶ ወደ ምዕራብ እስከ ቱሉ ወለል ተራራ የሚዘረጋ ረጅም መስመር አካል ነው።

ወደ ምዕራብ ስንል፣ ያው የአምቦ መንገድ ነው ወደ ወርቁ የሚወስደው። ጉደርን፣ ባኮን፣ ነቀምቴን አልፋችሁ የዴዴሳን ወንዝ ስትሻገሩ፣ ወንዞቹ የላይኛውን ሽፋን ቆርሰው አሮጌውን አለት ያወጡበት አገር ትገባላችሁ። ጊምቢ፣ ነጆ፣ ከዚያም አሶሳ። ነጆ ከመቶ ዓመት በላይ በወርቅ ስሟ የታወቀ ነው። በቢርቢር ወንዝ ላይ ያለችው ዩብዶ ደግሞ ፕላቲነም የተገኘባት ናት፤ እሱም ሲነጻ ከወርቅ ይከብዳልና በዚያው የማጠብ ዘዴ ይያዛል።

በዚያ አቅጣጫ ስላለው ወርቅ የተጻፈ አንድ ጥንታዊ ወሬ አለ፤ ባነሣው አልጠግብም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ግሪክኛ ጸሐፊ ነጋዴ ወደ ቀይ ባሕር ወደቡ አዱሊስ መጥቶ ነበር። የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ሰዎችን ሳሱ ወደምትባል የወርቅ አገር እንደሚልክ ይናገራል። ከ500 የሚበልጡ ነጋዴዎች በሬ፣ አሞሌና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ሲደርሱ በእሾህ አጥር ያጥራሉ፣ በሬውን አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር አጥሩ ላይ ያሰጣሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው በፈለጉት ሥጋ ላይ ወርቅ አኑረው ፈቀቅ ይላሉ፤ የበሬው ባለቤት ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፣ ካልተስማማው ይተወዋል፤ እነሱም ወይ ይጨምራሉ ወይ ወርቃቸውን ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ቃል አይለዋወጡም። ወርቁን ኮስማስ በምን መሰለው መሰላችሁ? በግብጦ ፍሬ። ብዙ ሊቃውንት ሳሱን ከቤኒሻንጉልና ከሱዳኑ ፋዙግሊ አካባቢ ያስቀምጧታል።

ግብጦ የሚያህል ወርቅ ዛሬ ለአጣቢ የዓመት ወሬ ነው። የተለመደው ብናኝ ነው። አንድ ሚሊ ግራም የሚመዝን ብናኝ በዓይን ይታያል፣ ያስደስታል፤ አንድ ወቄት፣ ማለትም 28 ግራም ያህል፣ ለመሙላት ግን እንዲህ ያለ 28,000 ብናኝ ይጠይቃል። አንገት ላይ የምናየው ሐብል ስንት ወገብ እንዳጎበጠ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የሚያብለጨልጭ ነገር ሳፋችሁ ላይ ካያችሁ ጥላ ውስጥ አስገቡት። ሚካ የሚባለው አንጸባራቂ ማዕድን በፀሐይ ብቻ ያብረቀርቃል፤ ወርቅ በጥላም ቀለሙን አይለቅቅም። በመርፌ ጫኑት፦ ወርቅ ይሰረጉዳል፣ ወርቅ የሚመስለው ማዕድን ፓይራይት ግን ይሰበራል። ደቃቁ ወርቅ ውሃ ላይ ሊንሳፈፍ ስለሚችል ቤት ወስዳችሁ ስትለዩ አንዲት ጠብታ ላርጎ ጨምሩበት።

ስለ ጥንቃቄው በአጭሩ። ደመናው ደንዲ ላይ ከጠቆረ አምቦ ላይ ፀሐይ ቢሆንም ከወንዙ ውጡ። የከተማ ወንዝ ነውና ጓንትና ቦቲ አድርጉ፤ ሰው ከሚቀዳበትና ልብስ ከሚያጥብበት በታች ሁኑ፤ ዳርቻውን አትናዱ። አንዳንዶች ወርቅ ለመሰብሰብ የሚጠቀሙበትን መርዛማውን ሜርኩሪ በምንም ምክንያት አትንኩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል፤ ለሽያጭ ማጠብ በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ፈቃድ ይፈልጋል። ለማወቅ ያህል አንድ ሳፋ ለማጠብም ቢሆን ቀበሌውን ቀድማችሁ አነጋግሩ።

ስትጨርሱ ጥቁሩን አሸዋ ወደ ሁሉቃ መልሱት፤ መንገደኛ ነው። ሁሉቃ ወደ ጉደር ይገባል፣ ጉደር ወደ ዓባይ፤ ዓባይ ቤኒሻንጉልን አቋርጦ ወደ ሱዳን ይወርዳል። የግብፁ መሐመድ ዓሊ ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1838 ማብቂያ ወርቅ ፍለጋ ራሱ እስከ ተጓዘበት እስከ ፋዙግሊ ድረስ፣ የደንዲ ብረት ብናኝ ከወለጋና ከቤኒሻንጉል ወርቅ ጋር በአንድ ደለል ሲወርድ ኖሯል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ግን አሁን መንገዱ ላይ ቆሟል። ከሳፋችሁ የደፋችሁት አሸዋ ስንት ክረምት እንደሚፈጅበት እንጃ፤ የሚያርፈው ግን ግድቡ በፈጠረው ንጋት ሐይቅ ሥር ነው።