ቀንዱ፣ ብርጭቆውና ክኒኑ

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሳይፈርስ፣ ግድግዳ ተጋርተን የምንኖር አንድ ሐጂ ነበሩ። የደም ግፊት አለባቸው። አንድ ምሽት ከመግሪብ በኋላ ሸሚዛቸውን ገልጠው ጀርባቸውን አሳዩኝ፤ ክብ ክብ ሆኖ በልዟል። «ኡስታዝ፣ ሒጃማ ተደረገልኝ። የቻይናም ሕክምና ነው አሉኝ። ቅልል ብሎኛል፤ ክኒኑን ተውኩት» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር።

ለመሆኑ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ምን ይላል? መሠረቱ «ቺ» የሚሉት የሕይወት ኃይል ነው። ይህ ኃይል በሰውነት ውስጥ በማይታዩ መስመሮች ይመላለሳል፤ መንገዱ ሲዘጋ፣ ወይም «ዪን» እና «ያንግ» የተባሉት ተቃራኒዎች፣ እንደ ቅዝቃዜና ሙቀት ያሉት፣ ሚዛናቸው ሲዛባ ሰው ይታመማል ይላሉ። ሐኪሙ ምላስ ያያል፣ በእጅ አንጓ ላይ የደም ሥር ትርታ ያዳምጣል። ከዚያም በቀጫጭን መርፌ ይወጋል፣ ዕፅዋት ይቀምማል፣ ወይም በእሳት ያሞቀውን ብርጭቆ ጀርባ ላይ ይደፋል። «ቺ»ን በመሣሪያ ያገኘው የለም።

ብርጭቆው ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጥንት ቻይናዎች ቀንድ ነበር የሚጠቀሙት። የእኛም ዋግምት ቀንድ ነው፤ አጋሚው በጫፉ ቀዳዳ አየሩን በአፉ ስቦ ይደፍነዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሒጃማ ማድረጋቸውና ለአጋሚው ዋጋውን መክፈላቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ዕቃው ቢመሳሰልም ሒጃማችን የ«ቺ» ትምህርት የለበትም፤ ሐኪም ያዘዘውን ጣሉ የሚልም አላነበብኩም።

የቻይናን መድኃኒት ማጣጣሌ አይደለም። ቱ ዩዩ የተባለችው ተመራማሪ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ መጽሐፍ ስታገላብጥ፣ ከአሪቲ ወገን የሆነ አንድ ተክል ለትኩሳት ሳይፈላ፣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ እንደሚጨመቅ አገኘች። ማፍላቱን ትታ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፤ በእንስሳት ፈተነችው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ከባልደረቦቿ ጋር ራሷ ቀድማ ዋጠችው። በ2015 ኖቤል ተሸለመች። የወባ ሕሙማኖቻችን የሚወስዱት ኮአርተም የዚያ ተክል ፍሬ ነው። አሮጌው መጽሐፍ መንገድ አሳየ፤ ያዳነው ግን ተፈትኖ፣ ተመዝኖ የመጣው ክኒን ነው።

ሐጂን በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ለካች፤ ዝም አለች፤ ደግማ ለካች። ደም ግፊት እንደ ጥርስ ሕመም አይጮህም፤ ቅልል ያለው ሰውም ተሸክሞት ይሄዳል። ስለ ምላጩም ጠየቀቻቸው፤ በአንዱ ደም የተነካ ምላጭ ለሌላው የጉበት ቫይረስና ኤች.አይ.ቪ. ያስተላልፋልና። አዲስ ይሁን አሮጌ አላዩም ነበር።

ዛሬ ሰፈራችን ተበትኖ በስልክ ብቻ እንገናኛለን። ሒጃማውን አልተዉም፤ ለሐኪማቸው ነግረው፣ ያልተከፈተ ምላጭ ገዝተው ይሄዳሉ። ክኒኑን ከፈጅር በኋላ ይውጣሉ። ስደውል ገና ሰላምታ ሳልጨርስ «ውጫለሁ፣ ውጫለሁ» ይሉኛል።