ላልቶ ወይስ ጠብቆ? አማርኛን በድምፅ የሚያነበው ኮምፒውተር

ስክሪን ሪደር በኮምፒውተር ወይም በስልክ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ነው። ተጠቃሚው በኪቦርድ ቁልፎች፣ በስልክ ከሆነም ጣቱን እያንሸራተተ፣ ከመስመር ወደ መስመር፣ ሲያስፈልገውም ከፊደል ወደ ፊደል ይሄዳል። በአገራችን ስሙ አዘውትሮ የሚነሳው ጆስ በክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ ኤንቪዲኤን ግን ሁለት አውስትራሊያውያን ዓይነ ስውራን፣ ማይክል ከረንና ጄምስ ቴህ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀምረውት እስከ ዛሬ በነጻ ይታደላል። በአንድሮይድ ስልክ ደግሞ ቶክባክ አለ። ስለዚህ ሳንሱሲ ሰፈር የሚኖር ዓይነ ስውር ተማሪ ሶፍትዌሩን ለማግኘት የግድ ሀብታም መሆን የለበትም። ችግሩ የሚጀምረው አማርኛ ሲያስነብበው ነው፤ መፍትሔውም በአብዛኛው ያለው በእኛው እጅ ነው።

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ዳኛው አለ» የሚለውን «ለ»ን አላልቶ ያነበበ ዳኛው ተናገረ ይላል፤ አጥብቆ ያነበበ ደግሞ ዳኛው በቦታው አለ ማለቱ ነው። ሳድስም ሌላ ፈተና ነው። «ትምህርት» ውስጥ ያሉት አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ አናባቢ የሚሰማው ግን ከመጀመሪያው «ት» እና ከ«ህ» ጋር ብቻ ነው። ሰው ይህን ያለ ሐሳብ ያደርገዋል፤ ለማሽን ግን አንድ በአንድ ሊነገረው ይገባል። ሰብስቤ ኃይለማርያም ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር የተቀዳ ድምፅን ቆራርጦ በመገጣጠም አማርኛ የሚናገር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004 አቅርበዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታደሰ አንበርብርና ጃፓናዊው ቶሚዮ ታካራ በሌላ ዘዴ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ በተባለው የቃላት መተንተኛው አግዟቸው የሚጠብቀውን ድምፅ ከቃሉ አገነባብ ወደ መለየት ተሸጋገሩ። በእኔ ግምት ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፤ ሆኖም የቃሉ አገነባብ ብቻውን «አለ»ን አይፈታም፤ ዐረፍተ ነገሩ፣ አንዳንዴም አንቀጹ በሙሉ መታየት አለበት።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሥራውን ጨርሰውታል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ማይክሮሶፍት አምሃና መቅደስ የተባሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ ለጆሮም ደስ ይላሉ። ነገር ግን እነሱ የሚሠሩት በኢንተርኔት ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ከተጠቃሚው ጋር የሚቀረው ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ድምፅ ነው። እንዲህ ከሚጫኑት አንዱ፣ በነጻ የሚገኘው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለ ድምፅ ማመንጫ፣ አማርኛን ያካትታል፤ ድምፁ ሻካራ ቢሆንም ኮዱ ክፍት ስለሆነ አማርኛ አዋቂ ሊያርመው ይችላል። የተማሩት ዓይነ ስውራን በእንግሊዝኛ ይጠቀማሉ የሚለው ክርክር ደግሞ ሊያሳምነኝ አልቻለም። የወረዳ ማስታወቂያ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የልጅ የትምህርት ቤት ደብዳቤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚጻፈው በአማርኛ ነው።

ደግሞስ ምርጥ ድምፅ ቢኖር ምን ያነባል? የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ያለው ኮድ የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የለሽ ድምፅ ያወጣል። በስካነር የተነሳ ደብዳቤ ሲሆን ደግሞ ለሶፍትዌሩ ፎቶ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የማራካሽ ስምምነትን ተቀላቅላለች፤ ስምምነቱ የታተሙ ሥራዎችን ማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች ተደራሽ በሆነ ቅጂ ለማዘጋጀት የቅጂ መብትን ያላላል። የመንግሥት ደብዳቤ ግን የቅጂ መብት ጣጣ እንኳ የለበትም፤ ቀድሞውኑ በኮምፒውተር የተተየበ ነው። ማኅተምና ፊርማ ስላለበት በስካነር መነሳት አለበት ከተባለም ይነሳ፤ ጸሐፊዋ የተየበችው የዩኒኮድ ፋይል አብሮት በዚያው ኢሜይል ወይም ቴሌግራም ይላክ።