በርበሬ ከግቢ ሲወጣ፦ የቤት በርበሬ ዝግጅት በዘመናት መካከል

ኅዳር ከታጠነ በኋላ መርካቶ በርበሬ በረንዳ ያለፈ ሰው ወቅቱን በአፍንጫው ያውቀዋል። ከማረቆ፣ ከአላባ፣ ከስልጤ፣ ከቡሬና ከወንበርማ የመጣው አዲስ ዛላ በየጆንያው ተከምሮ አላፊ አግዳሚውን ያስነጥሳል። ገበያተኛው ግን እንደ ድሮው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዷ የዓመት ቀለቧን ሃያ ኪሎ ታስመዝናለች። ሌላዋ ሦስት ኪሎ ይበቃታል። ሦስተኛዋ ዛላውን አገላብጣ፣ ዋጋውን ሰምታ፣ እዚያው አካባቢ ካለ ባልትና ቤት ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ገዝታ ትሄዳለች።

የቤት በርበሬ ቀረ እየተባለ ይወራል። ነገሩ በዝርዝር ሲታይ ግን በአንድ ጊዜ የቀረ ነገር የለም። ሥራው በየተራ ነው ከቤት የወጣው፤ መጀመሪያ መፍጨቱ፣ ቀጥሎ ማስጣቱና መደለዙ፣ በመጨረሻም ዛላውን መምረጡ። የመጀመሪያው መውጣቱ ዕረፍት ሰጠን፤ ሁለተኛው የከተማ ኑሮ ግዴታ ነበር፤ ዋጋ ያስከፈለን ሦስተኛው ነው።

ዛላው ሳይመጣ

ዛሬ «የጥንት የጠዋት» የምንለው የበርበሬ ቅመማ ራሱ የለውጥ ውጤት ነው። የቀይ በርበሬ ተክል መነሻው የአሜሪካ አህጉር ሲሆን፣ ወደ ቀረው ዓለም የተሰራጨው ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕር ካቋረጠ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሀገራችንን ወጥ ያቃጥሉ የነበሩት ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝና ዝንጅብል ናቸው። ኮረሪማ ደግሞ የራሳችን የደቡብ ምዕራብ ደን ፍሬ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወደ ሀገራችን የገባው በ1769 እ.ኤ.አ. ሲሆን የጉዞ መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው። በዚያ መጽሐፍ ስለ ጥሬ ሥጋ ሲጽፍ፣ ሥጋው በጤፍ እንጀራ ሲጠቀለል ቁንዶ በርበሬ ወይም ቀይ በርበሬ ከአሞሌ ጨው ጋር ይነሰነስበት እንደነበር ይተርካል። ስለዚህ በጎንደር ዘመን ሁለቱ በአንድ ገበታ ላይ ነበሩ፤ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባ ነበር። ኋላ ቀዩ በርበሬ ዋናውን ወንበር ያዘ፤ የቀደሙት ቅመሞች ግን አልተባረሩም። ዛሬም በርበሬያችን ውስጥ ኮረሪማውም ጥምዙም ቁንዶ በርበሬውም አሉ። ቅመማው ከመጀመሪያው ጀምሮ አዲስ መጪን ሲያስተናግድ የኖረ ነው።

ከመጅ ወደ ሞተር

በእናቶቻችን ጊዜ የበርበሬ ሥራ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስድ ነበር። ጎረቤት ይጠራራል፤ ዛላው ሰሌን ላይ ይፈሳል፤ ቡና ይፈላል፤ ቅንጠሳው ይጀመራል። ቅንጠሳ ጉቶ መንቀል ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ዛላ ተሰንጥቆ ውስጡ ይታያል፤ የሻገተው፣ ግራጫ የጣለው፣ የነፈሰበት ወደ ጎን ይጣላል። ፍሬውም ከፊሉ ይራገፋል፤ ሁሉም ከተፈጨ ዱቄቱ ይገረጣልና። ብዙ ሰው የሚያቃጥለው ፍሬው ይመስለዋል። ካፕሳይሲን የሚባለው አቃጣይ ንጥረ ነገር በብዛት ያለው ግን ፍሬው በተያያዘበት ነጭ ሥር ላይ ነው። በርበሬ ስትቀነጥስ የዋለች ሴት እጇ ሲነድ የሚያድረው ዛላውን ስትሰነጥቅ ያንን ሥር ስትነካካ ስለምትውል ነው።

ከዚያ ዛላው ለፀሐይ ይሰጣል፤ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ በዘነዘና ይሸከሸካል። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳምና በሶብላ ተወቅጠው ይጨመሩና ይደለዛል። የተደለዘው ተሸፍኖ ይሰነብታል፤ እርጥበቱንና መዓዛውን ሲጠጣ እንደገና ለፀሐይ ይወጣል። በርበሬን ከተራ ቃሪያ ዱቄት የሚለየው ይህ ደረጃ ነው። ድንብላሉ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ ቅርንፉዱ፣ አብሹ ግን ለየብቻ ይታመሳሉ። አንድ ላይ ምጣድ ላይ ከዋሉ ድንብላሉ ገና ሳይነካው አብሹ ያርራል፤ ያረረ አብሽ ደግሞ ወጡን ሁሉ ያመርራል። መጠኑን በኪሎና በግራም የሚናገር አልነበረም፤ በጭብጥ፣ በስኒ፣ በማሽተት ነው። ሙያ በልብ ነው ይባል የለ።

ሞተር ወፍጮ በየከተማውና በየቀበሌው ሲስፋፋ መጀመሪያ የወጣው ሥራ ከሁሉ የከበደው ነበር፤ መጅ ይዞ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብሎ መዋል። በዚህ ማንም አላዘነም፤ ማዘንም አያስፈልግም ነበር። ወፍጮ ቤቱ በምትኩ አዲስ ብልሃት አስተማረ። ብልህ ሴት የበርበሬው ወፍጮ ከጤፉ የተለየ መሆኑን ታያለች፤ ከእሷ በፊት ምን እንደተፈጨ ትጠይቃለች፤ መጀመሪያ የሚወርደውን ዱቄት ለብቻ ትይዛለች። ቤት ስትደርስም በትኩሱ ዕቃ ውስጥ አትከድነውም። ትኩስ በርበሬ ከተከደነ ያልበዋል፤ ያላበው ይጓጉላል፤ የጓጎለው ይሻግታል።

በዚያው ዘመን ዛላውም ራሱ ተሻሽሏል። በግብርና ምርምር ተመርጦ የተለቀቀው ማረቆ ፋና በጥቁር ቀይ ቀለሙ ስም አተረፈ፤ ኋላም ከመልካሳ ምርምር ማዕከል እነ መልካ አዋዜና መልካ ዛላ ተከተሉት። የከተማዋ እመቤት ዝርያውን በስም ባትጠራውም «የማረቆ ነው የአላባ?» ብላ መጠየቋን አልተወችም።

በርበሬ በማንኪያ ሲለካ

ለውጭው ዓለም አንባቢ የበርበሬን አሠራር ካስተዋወቁት መጻሕፍት አንዱ በ1970 እ.ኤ.አ. በታይም-ላይፍ የታተመው የሎረንስ ቫን ደር ፖስት የአፍሪካ ምግብ መጽሐፍ ነው። የእሱ በርበሬ መነሻው ሁለት ኩባያ ፓፕሪካ ነው፤ በላዩ ጥቂት የሚያቃጥል በርበሬ፣ የተፈጨ ቅመምና ቀይ ወይን ይጨመርበታል። ለእኛ ሰው ከበርበሬ ይልቅ ወደ አዋዜ የቀረበ ነገር ነው። ቢሆንም ፓፕሪካን መነሻ የማድረጉ ልማድ በእንግሊዝኛ የማብሰያ መጻሕፍት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ስደቱ ሲበረታ በርበሬውም አብሮ ተሰደደ። ዳንኤል ጆቴ መስፍን የኢትዮጵያን ምግብ አሠራር በእንግሊዝኛ አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን የአፍሪካን ምግብ በቃኘበት መጽሐፉ በርበሬን ለአሜሪካ ማዕድ ቤት አቀረበው። እነዚህ መጻሕፍት ለእኛም የዋሉት ውለታ አለ፤ በልብ የነበረውን ሙያ በማንኪያና በኩባያ ጻፉት። እናቷ አጠገቧ ያልነበረች ልጅ ከዋሽንግተን እስከ ስቶክሆልም መነሻ አገኘች።

የስደቱ ማዕድ ቤት የራሱን ዘዴ ፈጥሯል። ዋናው መንገድ አሁንም ሻንጣ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳ መንገደኛ በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ ሳይዝ አይሄድም፤ ቤይሩትና ሪያድ ላሉ እህቶቻችንም የሚላከው ይኸው ነው። አሜሪካ ያሉት ደግሞ ከሜክሲኮ ዕቃ መሸጫ መደብር ደረቅ ጓሂዮ በርበሬ ገዝተው፣ በኦቨን በትንሽ እሳት አድርቀው፣ በቡና መፍጫ ይፈጫሉ። ጓሂዮው ቀለሙን ይሰጣል፤ ማቃጠሉን ከሌላ ዓይነት መጨመር ነው። ልብ የሚባለው ነገር እነዚህ ሰዎች ከገዙት ዛላ መጀመራቸው ነው። ዱቄቱን ከፈረንጅ ሱፐርማርኬት በትንሽ ጠርሙስ ማግኘት እየቻሉ ወደ ዛላው የተመለሱት፣ በጠርሙሱ ውስጥ የተደለዘ በርበሬ ጣዕም ስላጡበት ነው።

አራተኛ ፎቅ ላይ ሰሌን የት ይዘረጋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ቤቱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከግቢ ወደ ፎቅ አወጣ። የበርበሬ ሥራ ግን ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ግቢ ነው፤ ለቀናት የሚሰጣበት ፀሐያማ ቦታ፣ ሙቀጫ የሚቆምበት መሬት፣ ሲታመስ የማይቆጣ ጎረቤት። በረንዳ ላይ ሦስት ኪሎ ማድረቅ ይቻል ይሆናል፤ ሃያ ኪሎ ግን አይታሰብም። ምጣድ ላይ ቅመም ሲታመስ ደረጃው ሁሉ በሳል ይናጋል። አንዳንዱ ሰገነት ላይ ወጣ፤ አንዳንዱ በግቢው የጋራ መገልገያ ቤት ተራ ያዘ፤ ብዙው ተወው።

በዚያ ላይ ሴቶች ከቤት ውጭ ውለው ማታ ይገባሉ፤ የቤት ሠራተኛ ማግኘት ከብዷል፤ በርበሬ የሚቀነጥስ ጎረቤት ራሱ ሥራ ላይ ነው። ይህን ክፍተት የሞላው ባልትና ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ በኋለኞቹ ዓመታት ብዙ ሴቶች ተደራጅተው በርበሬ፣ ሽሮና መከለሻ ለገበያ እንዲያቀርቡ በር ከፍቷል። በየቤቱ እየዞሩ በቀን ሂሳብ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችም አሉ። እናቶቻችን በነጻ ይሠሩት የነበረው ሙያ በመጨረሻ ዋጋ ወጣለት፤ ይህ እንደ ጉዳት የሚቆጠር አይደለም።

ሸክላው፣ ሻጋታውና እምነቱ

ችግሩ የመጣው ገዢው ዛላውን ማየት ሲያቆም ነው። ዱቄት ምስጢር ይደብቃል። በርበሬ ከተፈጨ ሸክላና ከቀይ አፈር ጋር እየተቀላቀለ መሸጡ በዜና መሰማት ከጀመረ ቆይቷል፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ የሚል ወሬ ዛሬ ማንንም አያስደነግጥም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ምግብን ከባዕድ ነገር መቀላቀልን ይከለክላል። ሆኖም በየጉሊቱ በፌስታል የሚመዘነውን ሁሉ የሚመረምር ተቆጣጣሪ የለም።

ከሸክላው የባሰው ግን በዓይን የማይታየው ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል የወጣ ጥናት በአዲስ አበባ ሽሮና የተፈጨ በርበሬ ውስጥ አፍላቶክሲን አግኝቷል። አፍላቶክሲን አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት፣ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። በተለመደው የወጥ ማብሰያ እሳት አይጠፋም፤ ሻጋታውን ጠርጎ መጣልም መርዙን አያወጣውም። መነሻው ደግሞ ከፋብሪካ ርቆ እርሻውና መጋዘኑ ጋ ነው። ዛላው መሬት ላይ ሲሰጣ፣ በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ ሲገባ፣ ነጋዴውም እንዳይሰባበርና እንዲመዝን ውሃ ሲያርከፈክፍበት ሻጋታው ቤቱን ይሠራል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ደረቅ በርበሬ ውስጥ የሚፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን 10 ማይክሮግራም፣ ቢ1 የሚባለው ዓይነት ብቻውን ደግሞ 5 ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብም ከኢትዮጵያ የሚገባ ቅመማ ቅመም ላይ ለዚሁ ጉዳይ ጥብቅ ምርመራ ጥሏል።

እዚህ ላይ የድሮው ቅንጠሳ ትርጉሙ ይገለጣል። ዛላ በዛላ ሰንጥቆ ማየት ለውበት አልነበረም፤ የጥራት ቁጥጥር ነበር። መፍጨቱን ለወፍጮ ቤት ስንሰጥ ይህ ቁጥጥር ከእኛ ጋር ነበር። የተፈጨውን መግዛት ስንጀምር አብሮ ሄደ፤ የተረከበው ሰው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቅንም።

ወደ ሦስት ኪሎ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የሚታየው አዝማሚያ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል የዛላ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ኪሎው በመቶዎች ብር ሲጠራ፣ የዓመቱን በአንዴ መግዛት ለብዙ ቤት የማይሞከር ሆኗል። በሌላ በኩል አለመተማመኑ ወጣት ባለትዳሮችን ወደ ቤት በርበሬ እየመለሳቸው ነው፤ በትንሹ። ሁለት ሦስት ኪሎ ይገዛሉ፤ አሠራሩን በዩቲዩብና በቲክቶክ ያያሉ፤ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን በብሌንደር ይመታሉ፤ እናታቸውን በስልክ ይዘው አብሹን ያምሳሉ። ቤታቸው ሠርተው በቴሌግራም የሚሸጡም በዝተዋል።

ይህ ትንሽ አሠራር ከትልቁ የሚሻልበት ነገር አለው። ሦስት ኪሎ ዛላ አንድ ከሰዓት ውስጥ ተቀንጥሶ ያልቃል፤ በረንዳ ላይ ንጹሕ አንሶላ ላይ ይደርቃል፤ ወራት ሳይቆይም ስለሚያልቅ ቀለሙና መዓዛው አይደክምም። ብርሃንና አየር የበርበሬን ቅላት ይበላሉና ጥቁር ዕቃ ውስጥ ገጥሞ ማስቀመጥ ይበጃል። ማጠብ የፈለገ ሰው በጠራ ፀሐይ ጠዋት ይጠብ፤ እርጥቡን ለሊት ማሳደር ሻጋታን ቤት መጥራት ነው።

ከዚህ ሁሉ ዳሰሳ አንድ ምክር ይወጣል። ሁሉም ሥራ ወደ ቤት ይመለስ ማለት የሴቷን ወገብ አለማሰብ ነው። ወፍጮው ለወፍጮ ቤት ይሁን፤ መደለዙም ለባለሙያ ቢከፈልበት ነውር የለውም። ዛላውን መምረጥ ግን ከእጅ መውጣት የለበትም። ሲያንኮሻኩሹት የሚሰማ፣ ሲያጥፉት የሚሰበር፣ ተሰንጥቆ ውስጡ ንጹሕ የሆነ፣ ጉቶው ሥር ያልሻገተ መሆኑን ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ጊዜ የሌላቸው ሦስት አራት ጎረቤቶች ዛላውን በጋራ ገዝተው፣ በጋራ ቀንጥሰው፣ ለአንዲት ባለሙያ ሊሰጡ ይችላሉ። የተፈጨ ገዢም ቢሆን «ዛላውን አሳዩኝ» ማለት መብቱ ነው። የሚያሳይ ባልትና ቤት ጥቂት ብር ቢያስጨምርም ይገባዋል፤ የማያሳየው በነጻም አይወሰድ።