ሩፑር፦ ከማመንጫው አጥር ውጭ ያለው ሥራ

ኖቬምበር 1 ቀን 2014 ረፋዱ ላይ ባንግላዴሽ ከዳር እስከ ዳር ኤሌክትሪክ አጣች። (ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መነሻው በአገሪቱ ምዕራብ፣ በቤራማራ ያለ አንድ ጣቢያ ነበር። ከሕንድ የሚገዛው ኃይል ወደ ባንግላዴሽ መረብ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ግንኙነቱ ድንገት ሲቋረጥ ከ450 ሜጋዋት ጥቂት ያነሰ ኃይል ጠፋ፤ በዚያ ሰዓት አገሪቱ ትጠቀምበት ከነበረው አንድ አሥረኛ ገደማ መሆኑ ነው። የቀሩት ማመንጫዎች ጉድለቱን ቶሎ መሙላት ስላልቻሉ ተራ በተራ ከመረቡ ወጡ። ብዙው ሕዝብ ኤሌክትሪክ መልሶ ያገኘው ከ10 ሰዓታት በላይ ጠብቆ ነው።

ከቤራማራ ተነስቶ የፓድማን ወንዝ የተሻገረ ሰው ሩፑር ይደርሳል። በዚያ፣ በወንዙ ዳር፣ ሩሲያ ለባንግላዴሽ ሁለት የኑክሌር ሪአክተሮች ተክላለች፤ እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋዋት። አንዱ ሪአክተር ብቻውን በ2014 አገሪቱን ጨለማ ውስጥ ከከተተው ጉድለት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል ማለት ነው።

በታዳጊ አገር ስለ ኑክሌር ኃይል ሲነሳ ክርክሩ ወዲያው ወደ ቼርኖቤልና ፉኩሺማ ያመራል፤ ካልሆነም ወደ አገር ክብር። ሁለቱም ሊነሱ ይገባል። የሩፑርን ታሪክ ከሥር ከሥሩ የተከታተለ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ይላል፦ አስቸጋሪው ሥራ በአብዛኛው ያለው ከአጥሩ ውጭ ነው። በመስመሩ፣ በብድሩ፣ በወንዙ፣ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት።

ባንግላዴሽ ኑክሌር መፈለጓ አያስገርምም። በስፋት ከኢትዮጵያ አንድ ሰባተኛ የማትሞላ አገር ናት፤ በውስጧ ከ170 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖራል። ለብዙ ዓመታት የኖረችው በራሷ የተፈጥሮ ጋዝ ነበር። ጋዙ እያነሰ ሲሄድ ከ2018 ጀምሮ ፈሳሽ ጋዝ ከውጭ በመርከብ ማስገባት ጀመረች። በ2022 በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ዋጋው ሲንር መንግሥት ከዕለት ገበያ መግዛቱን አቆመና ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ 1,320 ሜጋዋት የሚያመነጨው የፓይራ ጣቢያ የድንጋይ ከሰል አልቆበት ቆመ። ማመንጫው ደህና ነበር፤ ለከሰሉ የሚከፈል ዶላር ነው የጠፋው።

የኑክሌር ነዳጅ አንዱ ትልቅ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከሰልና ጋዝ ያለማቋረጥ መርከብ ይፈልጋሉ። የሩፑር ዓይነቱ ሪአክተር በውስጡ የሚይዘው 163 የነዳጅ ጥምሮች ሲሆን፣ ከእነዚህ ሲሶ ያህሉ የሚለወጠው በዓመት ወይም በዓመት ተኩል አንዴ ነው። የመጀመሪያው ነዳጅ በ2023 ዳካ የገባው በአውሮፕላን ነበር። የመሬቱ ጉዳይም አለ፦ ሩዝ የማይበቅልበት ሜዳ በጠፋበት አገር ሰፊ የፀሐይ ማመንጫ መዘርጋት ከገበሬ ጋር መሻማት ነው።

መጠኑን ለመረዳት ከምናውቀው ነገር ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የሕዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው፤ በዓመት ያመነጫል የሚባለው ግን ወደ 15.7 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ውኃው እንደ ወቅቱና እንደ አለቃቀቁ ነዋ። የሩፑር ሁለቱ ሪአክተሮች አንድ ላይ 2,400 ሜጋዋት ብቻ ናቸው፤ ከዓመቱ 90 በመቶውን በሙሉ ኃይላቸው ከሠሩ ግን ወደ 19 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣሉ። ስለዚህ ተስፋው ባዶ ወሬ አይደለም። ስሌቱ የሚጸናው ግን «ከሠሩ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1961፣ አገሪቱ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ሳለች ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተቀያየሩ፣ ነፃነት መጣ፣ ዕቅዱ ግን ከወረቀት ሳይወርድ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ከሩሲያ ጋር የመንግሥታት ስምምነት የተፈረመው በ2011፣ የግንባታው ዋና ውል ደግሞ በ2015 መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው ሪአክተር መሠረት ኮንክሪት የፈሰሰው በኖቬምበር 2017 ሲሆን፣ በ2023 ኃይል ይሰጣል ተብሎ ነበር። በ2023 ነዳጁ ቢደርስም ሪአክተሩ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ተገፍቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ኃይሉ የሚወጣበት መስመር አለመጠናቀቁ ነበር።

ይህን ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። ኤሌክትሪክ በተመነጨበት ቅጽበት ጥቅም ላይ መዋል አለበት። የሚመነጨውና የሚፈጀው እኩል ሲሆኑ የመረቡ ፍሪኩዌንሲ 50 ኸርዝ ላይ ይረጋል። አንድ ትልቅ ማመንጫ ድንገት ሲወጣ፣ ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ ሲወድቅ ክብደቱ በቀሩት ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ሁሉ፣ ጫናው በሌሎቹ ላይ ይወድቃል። ተርባይኖቹ ይዘገያሉ፣ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል፤ መውረዱ ከልክ ሲያልፍ መሣሪያው እንዳይጎዳ እያንዳንዱ ማመንጫ ራሱን ያጠፋል። በ2014 የሆነው ይኸው ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አንድ ማመንጫ ከመረቡ 10 በመቶ ባይበልጥ የሚለው ምክር የመጣውም ከዚህ ነው። የባንግላዴሽ ከፍተኛ ፍላጎት በቅርብ ዓመታት 16,000 ሜጋዋት አልፏል፤ ለዚያ 1,200 አይከብድም። በታኅሣሥና በጥር ብርድ፣ ማራገቢያውና ማቀዝቀዣው ሁሉ ሲቆም ግን የሌሊቱ ፍላጎት ከ10,000 በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ አንዱ ሪአክተር ቢወጣ የሚጎድለው ከልኩ በላይ ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ በሰከንዶች ውስጥ የሚነሳ ተጠባባቂ ኃይል መያዝ። ለዚህ ከውኃ ተርባይን የተሻለ የለም። ሜዳማዋ ባንግላዴሽ ግን ያላት አንድ የውኃ ማመንጫ ነው፤ በካፕታይ፣ 230 ሜጋዋት። ስለዚህ የጋዝ ጣቢያዎቿ ከአቅማቸው በታች እየሠሩ ክፍተቱን እንዲጠብቁ ማሠልጠንና ማስገደድ፣ ለዚህም መክፈል አለባት። ይህ ወጪ በሪአክተሩ ዋጋ ላይ ተጽፎ አይገኝም።

መስመሩም እንዲሁ። የሩፑር ኃይል ወደ ዳካና ወደ ሌሎች ከተሞች እንዲደርስ በፓድማና በጃሙና ላይ የከፍተኛ ኃይል መስመር ማሻገር ያስፈልጋል። ሁለቱ ወንዞች በዓለም ካሉት ግዙፎች መካከል ናቸው፤ ዳርቻቸውን በየዓመቱ ይቀያይራሉ፤ የመስመሩ ምሰሶ ከወንዙ ወለል ጠልቆ መተከል አለበት። የመስመሩ ፕሮጀክት የጸደቀው በ2018 ሲሆን፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ከሕንድ ብድር ይመጣል ተብሎ የታሰበ ነበር። የሪአክተሩ ኮንክሪት ግን ከዚያ በፊት ፈሶ ነበር። በእኔ ግምት ከሩፑር ስህተቶች ሁሉ ከባዱ ይህ ቅደም ተከተል ነው። ሪአክተሩ ምሽት ዜና ላይ ይታያል፣ መሪ ይመርቀዋል፤ መስመሩን ግን ማንም አይመርቀውም።

መስመር የደኅንነት ጉዳይም ነው። ሪአክተር ቢጠፋም ነዳጁ ወዲያው አይቀዘቅዝም፤ በጠፋበት ቅጽበት ከሙሉ ኃይሉ 6 ወይም 7 በመቶ የሚሆን ሙቀት ይቀራል፤ ይቀንሳል እንጂ ቶሎ አያልቅም። ያን ሙቀት የሚያወጡት ፓምፖች ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ። ፉኩሺማ በ2011 የደረሰባት ይህ ነው፦ የመሬት መንቀጥቀጡ የውጭውን መስመር ቆረጠ፣ ሱናሚው የዲዝል ጄኔሬተሮቹን አሰጠመ። የሩፑር ሪአክተሮች ሲነደፉ እንዲህ ያለ አደጋ ታስቦበታል፤ ያለ ኤሌክትሪክ ለ72 ሰዓት ሙቀት የሚያወጣ ሥርዓት፣ ነዳጁ ቢቀልጥም ከሥር የሚቀበል ማጠራቀሚያ አላቸው። እንዲያም ሆኖ መብራት ሲቋረጥበት የሚውል መረብ ለየትኛውም ሪአክተር ጥሩ ጎረቤት አይደለም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ውሉ 12.65 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 11.38 ቢሊዮኑ የሩሲያ ብድር ነው። የ10 ዓመት እፎይታ አለው፤ ወለዱ ከ4 በመቶ አያልፍም። በወረቀት ላይ ሲታይ የማይጠላ ውል ነው። የብድሩ ስምምነት በተፈረመበት በ2016 ግን አንድ ዶላር 78 ታካ ገደማ ነበር፤ አሁን ከ120 በላይ ነው። ማመንጫው የሚሸጠው በታካ፣ ዕዳው የሚቆጠረው በዶላር። ሌላው ደግሞ የእፎይታው ሰዓት ነው፤ ሪአክተሩ ቢዘገይም እርሱ በራሱ አይራዘምም። ግንባታው በዘገየ ቁጥር ገቢው ይርቃል፣ የክፍያው ቀን ይቀርባል።

በዚያ ላይ የዩክሬኑ ጦርነት መጣ። የሩሲያ ባንኮች ከዓለም አቀፉ የክፍያ ሥርዓት ሲታገዱ ባንግላዴሽ መክፈል እየፈለገች መክፈያ አጣች፤ በ2023 በቻይና ዩዋን ለመክፈል ተስማሙ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ደግሞ የሩፑርን ዕቃ የጫነች፣ አሜሪካ ማዕቀብ የጣለችባት የሩሲያ መርከብ ስሟን ቀይራ ስትመጣ ዳካ ወደቧን ከለከለቻት። የሪአክተር ትዳር ረጅም ነው፦ ዐሥር ዓመት ግንባታ፣ ስድሳ ዓመት ሥራ፣ ከዚያ ማፍረስ። ሩሲያ ያገለገለውን ነዳጅ መልሳ ለመውሰድ በ2017 ተስማምታለች፤ ለባንግላዴሽም ትልቅ ሸክም ያቃልላል። ስምምነቱ ግን ዛሬ ያልተወለዱ መንግሥታት ዘንድም መጽናት ይኖርበታል።

ከዚህ የከፋ ታሪክም አለ። ፊሊፒንስ በፕሬዚዳንት ማርኮስ ዘመን በባታን የኑክሌር ማመንጫ አስገነባች። በ1986 ማርኮስ ወደቀ፣ ቼርኖቤል ፈነዳ፤ ማመንጫው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሳይሸጥ ቀረ። ሕዝቡ ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰው በ2007 ነው።

ስለ ውኃው አጭር ላድርገው። ፓድማ ማለት ጋንጀስ ነው፤ ሕንድ ከድንበሩ ትንሽ ከፍ ብላ በፋራካ ግድብ ከ1975 ጀምሮ ትጠልፈዋለች። የበጋውን ውኃ የሚከፋፍለው የ1996 ስምምነት ለ30 ዓመት የተፈረመ ነው፤ ዘመኑ በ2026 ያበቃል። ሩፑር ረጃጅም የማቀዝቀዣ ማማዎች የተሠሩለት የበጋው ወንዝ በቀጥታ ለማቀዝቀዝ ስለማይበቃ ነው። ስለ ዓባይ ድርድር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

አመኔታ ደግሞ ከኮንክሪት ይበልጥ ይከብዳል። በ2019 ለሩፑር ሠራተኞች በተሠሩ መኖሪያዎች አንድ ትራስ ወደ 6,000 ታካ እንደተገዛ ተጋልጦ አገሩ ተናወጠ። ትራስ ሪአክተር አያፈነዳም። ግን ሕዝቡ የጠየቀው ጥያቄ ልክ ነበር፦ የትራሱን ዋጋ መቆጣጠር ያልቻለ አሠራር የብየዳውን ጥራት ማን ይቆጣጠርለታል? ባንግላዴሽ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ያቋቋመችው በ2013 ነው። የማመንጫው ባለቤት የሆነው የአገሪቱ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽንና ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ግን ተጠሪነታቸው ለአንድ ሚኒስቴር ነው። ተቆጣጣሪ «አቁም» ሲል የሚያስቆመው የራሱን አለቃ ፕሮጀክት ከሆነ ድፍረቱን ከየት ያመጣዋል?

ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር የተያያዘ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኢትዮጵያ የኑክሌር ማመንጫ ልትገነባ እንዳሰበች ተናገሩ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈረመ። ሻጩ ያው ሩፑርን የሚገነባው የሩሲያ መንግሥት ኩባንያ ሮሳቶም ነው።

ኢትዮጵያ ከባንግላዴሽ የምትሻልበት አለ። መረቧ የቆመው በውኃ ላይ ስለሆነ፣ ባንግላዴሽ የተቸገረችበት ፈጣን ተጠባባቂ ኃይል በእጇ ነው። ድርቅ ግድቦችን ሲያጎድል የማይነካ ማመንጫ መኖሩም የሚናቅ አይደለም። የሚከብዳትም አለ። ከ300 ቶን የሚበልጠው የሩፑር ሪአክተር ጋን ከሩሲያ በመርከብ ሞንግላ ወደብ ደርሶ፣ ከዚያ በወንዝ ጀልባ ተጎትቶ ግቢው ድረስ ነው የሄደው። ከጅቡቲ ሽቅብ የሚወጣ እንዲህ ያለ ወንዝ የለንም። ወደብ የሌላት ኡዝቤኪስታን በ2024 የተዋዋለችው 55 ሜጋዋት የሆኑ ትንንሽ ሪአክተሮችን ነበር። የኛ መሐንዲሶችም ትንንሾቹን በደንብ ቢመረምሩ ይበጃል፤ ምንም እንኳ በየብስ ላይ ብዙ ያልተፈተኑ ቢሆኑም።

ሁሉንም የሚበልጥብኝ ግን የኤሌክትሪኩ ገዢ ጉዳይ ነው። ሪአክተር ወጪው አብዛኛው ገና ሲገነባ የሚወጣ ነው፤ ሌሊትም ቀንም በሙሉ ኃይሉ ካልሠራ ዕዳውን አይከፍልም። በኢትዮጵያ ግማሽ የሚሆነው ሕዝብ ገና ከመረቡ ኤሌክትሪክ አያገኝም፤ መስመር የደረሰውም ትራንስፎርመር ሲቃጠል ሳምንታት ይጠብቃል። የማስተላለፊያውና የማከፋፈያው በጀት ከሪአክተሩ ውል ጋር እኩል ቀርቦ፣ የብድሩ ገንዘብ ዓይነትና የተቆጣጣሪው ተጠሪነት በሕዝብ ፊት ተነግሮ፣ ምክር ቤት የሚወያይበት ከፊርማው በፊት መሆን አለበት።